ፊቱን ያዞረ ሰው

ሥዕል ማየት የነርሲንግ ትምህርት ነው ስል የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ። ዕድሜዬን በሆስፒታል ኮሪደር ነው የጨረስኩት፤ አሁን ደግሞ ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ አስተምራለሁ። በሽተኛን የሚጎዳው የማያውቅ ባለሙያ ብቻ አይደለም። አውቃለሁ ብሎ ሳያይ የሚያልፍም ይጎዳዋል፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ተማሪዎቼን ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመውሰዴ በፊት፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ያለች አንዲት ትንሽ ጋለሪ አስገባቸዋለሁ። ባለቤቷ ለሕዝብ ሳትከፍት በፊት ለእኛ ትከፍትልናለች። አንድ ሥዕል ፊት ቆመን አንድ ሰዓት ሙሉ እናወራለን። የሠዓሊውን የሕይወት ታሪክ አላስተምርም፤ አላውቀውምም። ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አሉኝ። ምን ይታያችኋል? ምን አይታችሁ ነው እንዲያ ያላችሁት? ሌላስ? ይቺን የመጨረሻዋን ተማሪዎቼ ይፈሯታል። ከኋላዬ «ሲስተር ሌላስ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መብራት ከሚለው ስሜ ይልቅ እሱ ደስ ይለኛል።

ዲናችን ዶክተር ኃይለኪሮስን ግን ይቺ ሰዓት ደስ አላለቻቸውም። በሙያቸው ፋርማሲስት ናቸው፤ ዓለምን በሚሊግራም ካልመዘኗት አያምኗትም። አንድ ቀን ቢሮ አስጠሩኝና እንድቀመጥ እንኳ ሳይጋብዙኝ ጀመሩ።

«ሲስተር መብራት፣ መውጫ ፈተናው ላይ ሥዕል ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ፋርማኮሎጂስ?»

«ይመጣል።»

«እንግዲህ!» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሰዓቷ ለፋርማኮሎጂ ትሁን።»

እኔ ስናደድ ድምፄ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። የሚያውቁኝ ሰዎች የሚጠነቀቁት ያኔ ነው። የሐሙሷን ሰዓት ለማግኘት ስንት ስብሰባ ላይ እንደተከራከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ደግሞም በእኛ ኮሌጅ ከፕሮግራም የወጣ ሰዓት ተመልሶ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ቀስ ብዬ፣ «አንድ ሐሙስ ብቻ ከእኛ ጋር ይዋሉ» አልኳቸው። «ጋለሪውም ጋ፣ ሆስፒታሉ ዋርድም ጋ ይገኙ። ጋለሪ ያየነው ዋርድ ውስጥ ምንም ካልፈየደ፣ ሰዓቷን እኔው ራሴ አስረክብዎታለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልናገርም።»

«አንድ ቃል?» አሉ፣ ይህን ማመን ከብዷቸው።

«አንድ ቃል።»

ከቢሮአቸው ስወጣ አልፈራሁም። ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ።

ሐሙስ ደረሰ፤ ዲኑ በሙሉ ሱፍ መጡና ከኋላ ቆሙ። የዚያን ቀን የመረጥኩት ሥዕል የታክሲ ሥዕል ነበር። ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል የተማረ ወጣት ነው፤ በዚያ እጁ ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጡን ሥሎታል። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ እንደ ቅዱሳን ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ፊታቸው ወደ እኛ ዞሯል። ረዳቱ ሳይቀር ቅዱስ መስሏል፤ ይህን አይተን መጀመሪያ በደንብ ሳቅን። አንዲት ሴት ብቻ፣ መስኮቱ ጥግ፣ ጎኗን ሰጥታናለች። የሚታየው አንድ ዓይኗ ነው።

«ምን ይታያችኋል?» አልኩ።

ሁልጊዜ የሚቀድመው ቢሩክ ነው። የገርጂ ልጅ ነው፤ ምላሱም እጁም ፈጣን። «ፍሬንዶች፣ ስልካችሁን ጠብቁ» አለ። «ይቺ መስኮት ጋ ያለችው ሌባ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ኃይለኪሮስ ራሳቸውን መግታት አቃታቸውና ከኋላ ድምፃቸውን አሰሙ። «ልጁ ልክ ነው። በእኛ አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ሰይጣኑም፣ ይሁዳም በጎን ናቸው። እኔ ቤተ ክህነት ግቢ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ይሄ የታወቀ ነገር ነው።»

«እሺ» አልኩ። «እዚህ ሥዕል ላይ ምን አይተው ነው?»

«አልኩ እኮ። አንድ ዓይን ነው ያላት።»

«ሌላስ?»

ተማሪዎቹ ተያዩ። ዲኑን «ሌላስ» ያለ ሰው አይተው አያውቁም። እሳቸውም ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ሥዕሉን አዩ።

ያኔ ሀይሚ እጇን አነሳች። ሀይሚ ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ለመናገር የምትወስደው ጊዜ ሌላውን ያሳብዳል። ፈተና ላይ ሰዓት ስለማይበቃት ውጤቷ ያን ያህል አይደለም፤ ዲኑም ስሟን ከደካሞቹ ጎራ ነው የሚያውቁት። እኔ ግን ስትናገር አላቋርጣትም፣ ሌላ ሰው እንዲያቋርጣትም አልፈቅድም።

«መዳፏ መስታወቱን ነክቷል» አለች። «ሌሎቹ በሙሉ እኛን ነው የሚያዩት፤ እሷ ግን ውጭ ያለ ነገር እያየች ነው። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ… በጣም ትንሽ ናት… ቦርሳ ያዘለች ልጅ አለች።»

«ኧረ የት?» ብሎ ቢሩክ ተንደርድሮ ቀረበ። «ኧረ አለች! እውነቷን ነው!»

«ልጅቷ ልጇ ትመስለኛለች» አለች ሀይሚ።

«ምን አይተሽ ነው?»

«የቦርሳዋ ማንገቻና የሴትየዋ ነጠላ ጥለት አንድ ቀለም ነው። ሌላ ቦታ ይሄ ቀለም የለም።»

ሁሉም ሥዕሉ ላይ ተደፉ። እውነትም፣ ያ ብርቱካናማ ቀለም ከሁለቱ በቀር የትም አልነበረም። ቢሩክ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሥዕሉ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ይቅርታ። ሌባ አልኩሽ እኮ።»

«ፊቱን ያዞረ ሰው ስታዩ» አልኳቸው፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ወደ ምን ነው ያዞረው ብላችሁ ጀምሩ።»

ዶክተር ኃይለኪሮስ ሰዓታቸውን አዩ። «ጥሩ ጨዋታ ነው» አሉ።

ጨዋታ! ደሜ ፈላ፣ ድምፄ ግን እንደ ልማዱ ቀነሰ። «ገና አላለቀም፣ ዶክተር» አልኳቸውና ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

የዚያን ዕለት የደረሰን የአጥንት ክፍል ነበር። ተረኛዋ ነርስ ሥራ በዝቶባት ስለነበር ከአልጋ አልጋ እየሮጠች ነው ያስተዋወቀችን። ጥጉ ጋ ያለው አልጋ ስንደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኚህ እንኳን አስቸጋሪ ናቸው» አለች። «ሲጠሯቸው አይመልሱም፣ ዞር ብለው አያዩም። ለማንኛውም ዛሬ ይወጣሉ፤ አትድከሙባቸው።»

አልጋው ላይ የነበሩት ኦቦ ሆርዶፋ ይባላሉ። ለሚ ኩራ ነው ቤታቸው፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያመርቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰፈራቸው ውስጥ ለፍሳሽ በተቆፈረ ቦይ ገብተው ግራ ክንዳቸው ተሰብሮ ነው የመጡት። ክንዱ በጄሶ ታሽጓል። ባለቤታቸው እማማ ብርቄ በዚያው በግራ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከጄሶው ጫፍ የወጡትን ጣቶች ይዘዋል። ሰውዬው ግን ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ቢሩክ እንደ ልማዱ ቀደመና ከእማማ ብርቄ ጎን ቆመ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

መልስ የለም። ጮክ ብሎ ደገመው። ኦቦ ሆርዶፋ ግድግዳውን እያዩ ቀሩ። ቢሩክ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ፤ ኩርፊያ ነው ማለቱ ነው።

እማማ ብርቄ አፈሩ። «ይቅር በሉት ልጆቼ» አሉ። «እናንተን አይደለም። የተቀየመው እኔን ነው።»

«ምን ሆነው ነው እማማ?» አልኳቸው።

«የወደቀ ዕለት ጠዋት፣ በዚያ በኩል አትሂድ፣ ተቆፍሯል አልኩት። እንደ ሕፃን አትምከሪኝ ብሎኝ ተቆጥቶ ወጣ። ሄዶ ገባበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ፊቱን ነሳኝ። እጁን ይዤ እውላለሁ፣ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አያየኝም። ስንት ዘመን አብረን ኖረን፣ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።» ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ ደግሞ ሰው እንዳይፈርድባቸው የፈሩ መሰሉ፤ ከባለቤታቸው ጉልበት በላይ ያለውን የምግብ ጠረጴዛ አሳዩን። «ግን ክፉ እንዳይመስላችሁ። ይኸው፣ ምግብ ሲቀርብ ድርሻዬን ይተውልኛል። ተቀይሞኝም አልረሳኝም።»

ጠረጴዛው ላይ ከቤት የመጣ ሽሮ በእንጀራ ነበር። ግማሹ ተበልቷል። ግማሹ፣ በእማማ ብርቄ በኩል ያለው፣ ጣት እንኳ አልነካውም፤ መሐሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ይመስላል።

ከአንድ ትሪ እየበላን ያደግን ሰዎች ነን፤ የተተወ እንጀራ ስናይ የሚታየን ፍቅር ነው። አንዷ ተማሪ ዓይኗን ጠረገች። ዶክተር ኃይለኪሮስ ሳይቀሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የድሮ ሰው ፍቅር» አሉኝ። እኔም ልቤ ራርቶ ነበር፣ አልዋሽም። አፌ ግን ልማዱን አልተወም።

«ሌላስ?» አልኩ።

ዲኑ ተቆጡ። «ሲስተር፣ ሰው እያለቀሰ!»

«አውቃለሁ። ሌላስ?»

ሀይሚ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። ጊዜዋን ወሰደች። ቢሩክ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ዘጋሁት።

«የታክሲዋ ሴትዮ የምታየው ነገር ነበራት» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው ያዞሩት ግን ወደ ግድግዳ ነው። እዚያ የሚታይ ምንም ነገር የለም።»

«እሺ።»

«ጋቢያቸው ከግራ ትከሻቸው ሲንሸራተት እማማ ናቸው የሚመልሱላቸው። በቀኝ በኩል ሲንሸራተት ግን ራሳቸው ይስቡታል። አሁን እንኳ ሳቡት።» ወደ እማማ ብርቄ ዞረች። «እማማ፣ ሁልጊዜ የሚተዉልዎት የትኛውን በኩል ነው?»

«በእኔ በኩል ያለውን ነዋ ልጄ። የራሱን በልቶ የእኔን ይተዋል።»

«ደግሞም» አለች ሀይሚ፣ እንደገና ወደ እኔ፣ «እማማን ተቀይመው ነው እንበል። ቢሩክን ለምን ይቀየሙታል? ዛሬ ገና ነው ያገኙት።»

ያኔ ገባኝ። ነገር ግን አልተናገርኩም፤ ነገሩ የእሷ ነበር። «ምን ልታደርጊ ነው?» ብቻ አልኳት።

ሀይሚ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ የእንጀራውን ሳህን ይዛ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ያልተነካው ግማሽ ወደ ኦቦ ሆርዶፋ ቀኝ መጣ።

ሰውዬው ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት ታየ። «አሁንም አለ እንዴ?» አሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ሰደው ያንን ግማሽ እንደ ራበው ሰው ይበሉ ጀመር።

እማማ ብርቄ ከበርጩማው ተነሡ። «ድርሻዬን!» አሉ። መቆጣታቸው ይሁን መደንገጣቸው ራሳቸውም የለዩት አይመስለኝም።

የክፍሉን ሐኪም ዶክተር ሄሊናን አስጠራሁ። ወጣት ናት፣ ቀልጣፋ ናት፣ ሲነግሯት ትሰማለች። በኦቦ ሆርዶፋ ፊት ሁለት እጇን አንሥታ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፤ የቀኙን ብቻ ቆጠሩ። ፈገግ እንዲሉ ጠየቀቻቸው፤ የግራ ከንፈራቸው ወደ ኋላ ቀረ። የግራ እግራቸውን ሲያነሡ ከቀኙ ደከም ይላል። ክንዳቸው በጄሶ ስለታሰረ የእሱን ድካም ማንም አልመረመረውም፤ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለውም በሕመሙ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር።

«ስትሮክ ነው» አለች ዶክተር ሄሊና። «ከመውደቃቸው በፊት የመጣ። ቀኙ የአንጎላቸው ክፍል ሲጎዳ፣ በግራ በኩል ያለው ነገር ሁሉ ጠፋባቸው። ዓይናቸው ያያል፤ አንጎላቸው ግን ያን ጎን ረስቶታል።» ወደ እማማ ብርቄ ዞረች። «ቦዩ በየት በኩል ነበር እማማ?»

«በግራው» አሉ እማማ ብርቄ በቀስታ።

መውጣታቸው ቀረ። ሲቲ ስካን እንዲነሡ ታዘዘ፣ አልጋው ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ። በዚያ ቀን ቤታቸው ቢሸኙ ኖሮ፣ ግፊታቸው እንደዚያው ሆኖ፣ ሰፈራቸው እንደተቆፈረ፣ ምን ይከተል እንደነበር ለተማሪዎቼ መንገር አላስፈለገኝም።

እማማ ብርቄን ግን ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር። ክንዴን ይዘው፣ «አልተቀየመኝም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልተቀየሙዎትም እማማ። በዚህ በኩል ያለው ሁሉ ጠፍቶባቸው ነው። እርስዎም ያሉት በዚህ በኩል ነው።»

«አጠገቡ እኮ ነኝ! የተሰበረው ይህኛው ስለሆነ ብዬ፣ እንዳያመው ብዬ፣ ቀን ከሌት እዚህ ነው የተቀመጥኩት።»

«አውቃለሁ እማማ። ወደ ቀኝ ይዙሩ።»

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር። በዚያ ክፍል ደንብ የአስታማሚ መቀመጫ በግራ ብቻ ነው፤ ቀኙ ለነርሶች ጋሪ ክፍት መሆን አለበት። እኔ በርጩማውን ለማንሣት ጎንበስ ስል ሌላ እጅ ቀደመኝ። ዶክተር ኃይለኪሮስ ናቸው። በሙሉ ሱፋቸው በርጩማውን ተሸክመው አልጋውን ዞሩ።

«ዶክተር፣ በዚያ በኩል መቀመጥ አይቻልም» አለች ተረኛዋ ነርስ።

«ዛሬ ይቻላል» አሉና በቀኝ በኩል፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጡት።

እማማ ብርቄ አልጋውን ዞረው መጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ፈርተው ነበር። ተቀመጡ። ኦቦ ሆርዶፋ የሚያኝኩትን አቆሙ። መላ ፊታቸው በራ፤ ሕመሙ የያዘው ጎን እንኳ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ብርቄ!» አሉ። «ኤሳ ቱርቴ?»

የት ነበርሽ ማለታቸው ነው። ኦሮምኛዬ የገበያ ቢሆንም ይቺን አላጣኋትም። ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ አልነበረም። የነበረው ናፍቆት ነው፤ ያን ሁሉ ቀን ሚስታቸው ጥላቸው የሄደች መስሏቸው ለማንም ሳይናገሩ የያዙት ናፍቆት።

«እዚሁ ነበርኩ» አሉት እማማ ብርቄ፣ በዚያው ቋንቋ።

ኦቦ ሆርዶፋ ከቀረው እንጀራ ቆረሱ። ሽሮውን ጠቅልለው ጉርሻውን ወደ ሚስታቸው አፍ ዘረጉት። እማማ ብርቄ እንባቸውን ሳይጠርጉ ጎረሱ። ሀይሚ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ወደ ምን እንዳዞረችው መጠየቅ አላስፈለገንም።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ኃይለኪሮስ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። የምሰማው ሁሉ ታውቆኝ ስለነበር አልቸኮልኩም።

«ሲስተር» አሉ በመጨረሻ፣ «ያቺ ሀይሚ… ፋርማኮሎጂ ላይ ስንት ነው ያመጣችው?»

«ዝቅተኛ ነው። ሰዓት አይበቃትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐሙስ ጋለሪው ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?»

«ሁለት ሰዓት» አልኳቸው። «ያረፈደ አይገባም።»